በባሕር ዳር ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ ቴርሞሜትር ስትመርጡ ከዚህ ጀምሩ

አዲስ የገዛችሁትን ዲጂታል ቴርሞሜትር ባሕር ዳር ላይ በሚንተከተክ ውሃ ነክራችሁ 94 ካያችሁ፣ ዕቃው ደህና ነው። መጨነቅ ያለባችሁ 100 ካሳያችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ትምህርት ቤት «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ተብሎ ስለተማረ ደህናውን «ይሄማ አይሠራም» ብሎ ይመልስና ስድስት ዲግሪ የሚዋሸውን ይዞ ይሄዳል።

100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ለጅቡቲና ለምፅዋ ይሠራል። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ስለዚህ ባሕር ዳር 94፣ ጎንደር 93፣ አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚህ አልበስል እያለ ከሰል የሚጨርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጥሩ ቴርሞሜትር ማለት ካርቶኑ የሚያምር ወይም ዋጋው የሚያስደነግጥ ማለት አይደለም። እናንተ ራሳችሁ ቤታችሁ ፈትናችሁ ያለፈው ነው። ይህ መመሪያ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሱቅ ውስጥ፣ እና ከገዛችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ምን እንደምትለኩበት ወስኑ

ሁሉን የሚችል አንድ ቴርሞሜትር የለም። የዓሣ መጥበሻ ዘይትና የጠላ ጋን የሚፈልጉት ዕቃ አንድ አይደለም።

ከጠላ እንጀምር። ሰፈራችን ያሉ ጠላ ጠማቂ እናት «እጄ እያለ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። እጅ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ደህና መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ ግን «ያቃጥላል» ከማለት በቀር ምንም አይነግራችሁም፣ 62ን ከ70 አይለይም። የጠላ ሥራ አብዛኛው ደግሞ እጅ በሚያውቀው ሙቀት ውስጥ ነው።

ቴርሞሜትር ለጠላ የሚጠቅመው በተለይ እንኩሮው (ምጣድ ላይ የታመሰው የእህል ዱቄት) ወደ ጥንስሱ ሲገባ ነው። እንኩሮ ከምጣድ ወርዶ ሲከመር ላይ ላዩ ይበርዳል፣ ውስጡ ግን እንደጋለ ይቆያል። እጃችሁ ላይኛውን ነክቶ «በርዷል» ይላል። መሃሉ 55 ዲግሪ የሆነው እንኩሮ ጋኑ ውስጥ ሲገባ ግን የነካውን እርሾ ይፈጀዋል፤ እርሾ ከ50 በላይ ብዙ አይቆይም። ረዘም ያለ መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ክምሩ መሃል ሰክታችሁ ከ35 በታች እስኪወርድ ብትጠብቁ ግን ምንም ጣጣ የለውም።

ሁለተኛው የጋኑ ሙቀት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር 30 ዲግሪ አካባቢ ትደርሳለች፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊት ደግሞ ከ10 ብዙም አይርቅም። ያው ብቅል፣ ያው ጌሾ፣ ያው እጅ ሆኖ ጠላው አንድ ጊዜ ቶሎ ደርሶ የሚኮመጥጠው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው። «ጌሾው መጥፎ ነበር» ከማለታችሁ በፊት ጋኑን ለኩ።

ጠጅ ብዙ አያስቸግርም። ማሩን የምትበጠብጡበት ውሃ ለብ ያለ፣ ከ40 ያልበለጠ ይሁን። ሞቅ ባለ ቁጥር ማሩ በቀላሉ ይሟሟል፣ መዓዛው ግን አብሮ ይበናል። ደህና የጎጃም ማር ይዞ ማፍላት ደግሞ ለኔ ኃጢአት ነው። ጌሾውን ማፍላት ከፈለጋችሁ ለብቻው አፍልታችሁ አቀዝቅዙት።

ቢራ ቤታቸው ለመጥመቅ የሚሞክሩ ሰዎች ካላችሁ ግን ቴርሞሜትር የግድ ነው። የተፈጨ የገብስ ብቅል በሞቀ ውሃ ሲነከር ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ሁለት ኢንዛይሞች ይሠራሉ። ቤታ አሚሌዝ ከ60 እስከ 65 ይመቸዋል፣ አልፋ አሚሌዝ ከ68 እስከ 72። 64 ላይ ብታቆዩት ቀለል ያለ፣ ደረቅ ቢራ ታገኛላችሁ። 69 ላይ ከሆነ ወፈርና ጣፈጥ ያለ። ከ75 ካለፈ ኢንዛይሞቹ እየሞቱ ይሄዳሉ፣ ያልተቀየረ ስታርች ካለ እንዳለ ይቀራል። እንግዲህ ቴርሞሜትራችሁ አራት ዲግሪ ቢዋሽ ሌላ ቢራ እየጠመቃችሁ ነው ማለት ነው፣ ጥፋቱን ግን ብቅሉ ላይ ትለጥፋላችሁ። ከዚያም በኋላ የተለመደው፣ ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾ ከ18 እስከ 22 ባለው ውስጥ ቢፈላ ይወዳል። ይህን በግንቦት ባሕር ዳር ለማግኘት ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ያለበት ጥላ ስር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ መርዳቱንና አለመርዳቱን የሚነግራችሁም ያው ቴርሞሜትሩ ነው።

ወጥ ቤት ስንገባ ነገሩ ይሰፋል። ሐይቅ ዳር ላለን ሰዎች መጀመሪያ የሚመጣው ዓሣ ነው። ለጥብስ ዘይቱ ከ175 እስከ 185 ቢሆን ቆሮሶው ዓሣ ውጭው ኩርሽም የሚል ይሆናል፣ ውስጡ አይደርቅም። በ150 ካስገባችሁት ዘይት ይጠጣል። ዓሣው ሲገባ ዘይቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጨመራችሁ በፊት ቁጥሩ እስኪመለስ ጠብቁ። መጥበሻውን በዓሣ መሙላት ነው አብዛኛውን ጥብስ የሚያበላሸው። የዓሣው ወፍራም ቦታ ውስጡ 63 ሲደርስ በስሏል። የተፈጨ ሥጋ 71፣ ዶሮ ደግሞ 74 መድረስ አለበት። የዶሮ ወጥ ለረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ መለካት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለአሮስቶና ለጥብስ ዶሮ ነው፣ መርፌውም አጥንት ሳይነካ ጭኑ ውስጥ ይገባል።

ንጥር ቅቤ ላይ ቴርሞሜትር ይህን ያህል ይረዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ። ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ 94 እና 95 አካባቢ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ እሳት ብትጨምሩም ብዙ አይንቀሳቀስም። ውሃው ሲያልቅ ግን ቁጥሩ በድንገት መውጣት ይጀምራል። 110 ሲያልፍ ከታች የተቀመጠው አሠር መጥቆር ሊጀምር ነው፣ አውርዱት። ኮረሪማና ኮሰረት ከመጥፎ ቃጠሎ የሚተርፉት በዚህች ደቂቃ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። አብሲት ወደ ሊጡ ከመመለሱ በፊት ከ45 በታች ይውረድ። ጥሬ ወተት ለማከም 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ላይ 15 ሴኮንድ ይበቃል። ከዚያ እርጎ በእርሾ ለመጣል ከፈለጋችሁ ወተቱ ወደ 43 ሲወርድ ጨምሩበት።

ከዚህ ሁሉ የምትወስዱት ይህ ነው። ጠማቂ ብቻ ከሆናችሁ ከ0 እስከ 110 የሚለካ ይበቃችኋል። ዘይትና ምድጃ ካላችሁ እስከ 250 ወይም 300 የሚደርስ ፈልጉ። ዘይት ውስጥ 110 ላይ የሚያቆም ዕቃ ብትነክሩ ሴንሰሩን ታቃጥሉታላችሁ።

የማይሆኑትን ለዩ

ባሕር ዳር ገበያ «ቴርሞሜትር አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ የትኩሳት መለኪያ ነው። እሱ ከ32 እስከ 43 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚያየው። ለወጥ ቤት አይሆንም፣ ለአንዲት ፈተና ግን እንጠቀምበታለን፣ አትጣሉት።

ከዚያ በግንባር ላይ የሚደገነው ሽጉጥ አለ። ከኮሮና ወዲህ በየቢሮው መሳቢያ ተርፏል፣ እና ሰው «በነፃ አገኘሁ» ብሎ ድስት ላይ ይደግነዋል። የሰውነት ሙቀት ላይ ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ ከ43 በላይ ሲያገኝ ወይ ፊደል ያወጣል ወይ የፈለገውን ይናገራል። እንዳትሸወዱ።

የኢንዱስትሪው ኢንፍራሬድ ሽጉጥ ሌላ ነው፣ እሱ ከ300 በላይም ይለካል። ግን የሚለካው ላይ ላዩን ብቻ ነው። የጠላው መሃል፣ የዶሮው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ደግሞ በጣም ይሳሳታል፣ ምክንያቱም አብረቅራቂ ነገር የራሱን ሙቀት ከመስጠት ይልቅ የአካባቢውን ያንፀባርቃል። አዲስ የአሉሚኒየም ድስት 90 ሆኖ 40 ሊላችሁ ይችላል። የሚፈላ ነገር ላይ እንፋሎቱም ያታልለዋል። ለጠቆረ የሸክላ ምጣድ ግን ግሩም ነው፤ እንጀራ ጋጋሪ ከሆናችሁና ምጣዱ መሃሉና ዳሩ እኩል መጋሉን ማየት ከፈለጋችሁ ከሱ የተሻለ የለም። እንደ ሁለተኛ ዕቃ ግዙት።

የብርጭቆና የሜርኩሪ ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ምግብ አጠገብ አይድረስ። ቢሰበር ሜርኩሪው ጋን ሙሉ ጠላ ብቻ አይደለም የሚያስደፋችሁ።

ከሚሆኑት መካከል

በጣም የሚገኘው እስክሪብቶ መሳዩ ነው፦ ረጅም የብረት መርፌ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ስክሪን፣ ውስጡ ቴርሚስተር የሚባል ሴንሰር። ቲፒ101 የሚል የተጻፈበት ወይም እሱን የሚመስል ነው። አብዛኞቹ ከ50 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 300 ይላሉ፣ የሰዓት ባትሪ ይበላሉ፣ ንባቡ እስኪረጋ አሥር ሴኮንድ ገደማ ትጠብቃላችሁ። ርካሽ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ጥራቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ነው ፈተና የሚያስፈልገው። ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው፣ አፍሬበት አላውቅም።

ተጣጣፊው፣ መርፌው እንደ ሰንጢ የሚከፈተው፣ ከፍ ያለ ነው። በተለይ ቴርሞካፕል የሚባል ፈጣን ሴንሰር ያለው ከሆነ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ያነባል፣ መርፌው ቀጭን ስለሆነ ሥጋውን አይበሳሳም። ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡ ሰዎች ይህ ፍጥነት ዋጋውን ይመልስላቸዋል። ለቤት ግን የግድ አይደለም።

ሽቦ ያለው ደግሞ አለ። መርፌው ምድጃ ውስጥ ወይም ድስት ውስጥ ይቀራል፣ ስክሪኑ ውጭ ነው፣ የፈለጋችሁት ቁጥር ላይ ሲደርስ ይጮሃል። ቢራ ጠማቂ ይህን ይወደዋል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ 66 ላይ ማቆየት ስላለበት። ድክመቱ ሽቦው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ውሃ ከገባበት በኋላ ወይ ይጠፋል፣ ወይም በጣም የሚከፋው፣ እየሠራ ይዋሻል። መጋጠሚያውን አትንከሩት።

ለጋንና ለበርሜል የሚመቸው ግን የፍሪጅና የዓሣ ገንዳ ቴርሞሜትር ብለው የሚሸጡት ትንሹ ነው፣ ቀጭን ሽቦ ጫፉ ላይ ጠብታ የምታክል ሴንሰር ያለው። ጠላ ውስጥ አትንከሩት፣ ፕላስቲኩ ለምግብ የተሠራ አይደለም። በርሜሉ ወይም ጋኑ ወገብ ላይ በፕላስተር ለጥፉትና በላዩ ወፈር ያለ ጨርቅ አጣጥፋችሁ እሰሩበት። ጨርቁ የክፍሉን አየር ስለሚከለክልለት የሚያነበው ለፈሳሹ የቀረበ ነው። መፍላት ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ስለዚህ ጋኑ ከክፍሉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ቢል አትደንግጡ።

ፖሊ ካምፓስ ያላችሁ ተማሪዎች ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን ሴንሰር አርዱዊኖ ከሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አያይዛችሁ የራሳችሁን መሥራት ትችላላችሁ። ከ10 ከዜሮ በታች እስከ 85 ባለው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው የሚስተው፣ ለጠማቂ ከበቂ በላይ ነው።

ካርቶኑን ስታነቡ

አንድ ማታለያ ብቻ ብታውቁ ይበቃል። «0.1 ዲግሪ» የሚል ካያችሁ፣ ያ ስክሪኑ የሚያሳየው የነጥብ ብዛት ነው፣ የትክክለኛነቱ ልክ አይደለም። 65.3 ብሎ የሚያሳይ ዕቃ እውነቱ 68 ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁጥር ነው። ±1 ለወጥ ቤትና ለጠላ በቂ ነው፣ ለቢራ ±0.5 ብታገኙ ደስ ይላል። አንዳንዱ ከጎኑ «ከ0 እስከ 80» ብሎ ይጽፋል፣ ማለትም ከዚያ በላይ ያለውን ቃል አልገባም እያላችሁ ነው። ጨርሶ የትክክለኛነት ቁጥር የሌለበት ካርቶን ከሆነ ደግሞ ዋጋው ላይ ተከራከሩ።

ውሃ መከላከሉን በአይፒ ቁጥር ታውቃላችሁ። አይፒ67 ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይተርፋል፣ አይፒ65 ቢረጭበት ችግር የለውም፣ ምንም ያልተጻፈበት ግን እንፋሎትም ይበቃዋል። የመርፌው ርዝመት ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለጥልቅ ድስት እጃችሁን ታቃጥላላችሁ። ባትሪውንም እዩ። የትሪፕል ኤ ድንጋይ የትም ሱቅ አለ፣ ኤልአር44 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ግን ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው የምታገኟት፣ ስትገዙ መለዋወጫ አብራችሁ ያዙ።

ሱቅ ውስጥ

ባለሱቁ አንድ አውጥቶ ከሰጣችሁ አትቀበሉ። በትህትና እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ ሦስቱን አውጣልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አብረው ይቆዩ።» ከእጅ ሙቀት ርቀው አምስት ደቂቃ ይቀመጡና አብሩአቸው። ሦስቱ የክፍሉን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ልዩነት ከተናገሩ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ 24፣ አንዱ 24.3፣ አንዱ 27 ካለ ሦስተኛውን ተዉት።

ከዚያ ሻይ አዝዙ። የምሬን ነው። ሦስቱንም እኩል አንድ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ ውስጥ አስገቡና ማን ቶሎ እንደሚረጋ፣ ማን ከማን እንደሚለይ ተመልከቱ። ባለሱቁ «ኧረ ኦርጅናል ነው፣ ምን አስፈተሸው!» ሊል ይችላል። «ኦርጅናል ከሆነማ ፈተናው አያስፈራውም» በሉትና ሳቁ። መርፌው ከእጀታው ጋር በተጋጠመበት ቦታ ይንገጫገጭ እንደሆነ፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ ይሰሙ እንደሆነ፣ የባትሪው ክዳን ክሩ ደህና መሆኑን እዩ። ስክሪኑ ከጎን ሲታይ የሚጠፋ ከሆነ ድስት ላይ ጎንበስ ብላችሁ ማንበብ ይመጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፦ ቤት ወስዳችሁ ብትፈትኑትና ባያልፍ በማግስቱ እንደሚቀይርላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ቤት ውስጥ ያለው ፈተና

ሦስት ነጥብ ትፈትናላችሁ፣ በረዶ፣ ለብ ያለ ውሃና የፈላ ውሃ። ስክሪኑ በሴልሺየስ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ቁልፏ ሳታስቡት ትነካለችና በረዶ ውስጥ 32፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 201 ካያችሁ ዕቃው አልተበላሸም፣ በፋራናይት እያነበበላችሁ ነው።

*በረዶ።* መብራት ባለበት ማታ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ጠዋት በረዶውን ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ በዘነዘና አድቅቁትና ብርጭቆ ሙሉት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ክፍተቱን እስኪሞላ ብቻ ጨምሩ። አማስሉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት፣ እንደገና አማስሉ፣ መርፌውን መሃል ላይ ያዙ። 0 ማለት አለበት። በረዶው ከላይ ተንሳፍፎ ከታች ውሃ ብቻ ካለ ፈተናው ውድቅ ነው፤ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከታች ያለው ሞቅ ብሎ ይቀመጣል። ጨው የነካው ነገር አይግባበት፣ ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ይህ ፈተና ደግ ነው፣ ከፍታ አይቀይረውም፣ ባሕር ዳርም ጅቡቲም ያው 0 ነው።

*ለብ ያለ ውሃ።* የትኩሳት መለኪያው የሚመጣው እዚህ ነው። ጥሩ የሕክምና ዲጂታል ቴርሞሜትር በ37 እና 39 መካከል 0.1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚስተው፣ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ሁሉ እሱ ነው የሚታመነው። ፔርሙስ ውስጥ በእጅ የሚያዝ፣ 38 ገደማ የሆነ ውሃ አድርጉ። የሁለቱን ጫፍ አጠጋግታችሁ እኩል ንከሩ፣ የትኩሳቱ እስኪጮህ ጠብቁ፣ ቁጥሮቹን አስተያዩ። ለእርሾና ለአብሲት የምትጠቀሙበት ሙቀት እዚሁ አካባቢ ስለሆነ ከሦስቱ ፈተና ለጠላ ጠማቂ ይህኛው ይበልጣል። የትኩሳት መለኪያውን የፈላ ውሃ ውስጥ ግን እንዳትከቱት፣ ያልቅለታል።

*የፈላ ውሃ።* ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ክዳኑ ክፍት። ከታች አረፋ ማውጣት ሲጀምር አይደለም የምትለኩት፣ ሙሉ በሙሉ ሲገለባበጥ ነው። መርፌው የድስቱን ወለልና ጎን አይንካ፣ ወለሉ ከውሃው በላይ ይግላል። እጃችሁን እንፋሎቱ እንዳይመታው በጨርቅ ወይም በጉጠት ያዙት። ባሕር ዳር ከሆናችሁ 94 ጠብቁ። ደብረ ታቦር ዘመድ ጋር ሄዳችሁ ብትሞክሩት ወደ 91 ይወርዳል፣ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነውና።

እያንዳንዱን ፈተና ደግማችሁ አድርጉት። የሚፈለገው ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም፣ መደጋገሙም ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዲግሪ የሚያልፍ ቴርሞሜትር ችግር የለበትም፣ ትቀንሱለታላችሁ። አንድ ጊዜ 93፣ ሌላ ጊዜ 96 የሚል ከሆነ ግን ምንም ብታደርጉ አይስተካከልም፣ መልሱት።

«ካል» (CAL) የሚል የማስተካከያ ቁልፍ ካለው በረዶው ውስጥ እያለ ተጭናችሁ ወደ 0 አምጡት፣ ከዚያ የፈላውን ውሃ እንደገና ሞክሩ። ቁልፉ ከሌለው ልዩነቱን ወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ። ስህተቱ ከታችና ከላይ የተለያየ ከሆነ መሃሉን አስሉት። ለምሳሌ በረዶ ውስጥ 1፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 97 ካለ፣ ከታች አንድ፣ ከላይ ሦስት ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው። 65 አካባቢ ሁለት ተኩል ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ 67 ተኩል ሲል እውነቱ 65 ነው። ብቅል የምትነክሩ ሰዎች ይህችን ሒሳብ አትዝለሏት።

ስትጠቀሙበት

ሴንሰሩ ያለው መርፌው ጫፍ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጫፉ የት እንዳለ አስቡ። ሥጋ ላይ ወፍራሙ መሃል፣ አጥንትና ስብ ሳይነካ። ድስት ላይ አማስሎ መሃል። የብቅል ድብልቅ ላይ ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ፣ ምክንያቱም ዳሩና መሃሉ አምስት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፣ አማስላችሁ እስኪቀራረብ ድረስ አንዱንም ቁጥር አትመኑ። ንባቡ መሮጡን እስኪያቆምም ጠብቁ። ቸኩሎ ያነበበ ሰው ጥፋቱን በዕቃው ላይ ያላክካል።

ጥሬ ዶሮ የወጋ መርፌ ሳይታጠብ የበሰለውን አይውጋ። ጋን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ መርፌውን በሳሙና አጥባችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ወይም 70 በመቶ አልኮል አስነኩት፣ አለበለዚያ ጠጁን በሆምጣጤ ባክቴሪያ ትመርቁታላችሁ። ስክሪኑን ቧንቧ ሥር አታድርጉ፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ከዘይት አውጥታችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትንከሩት።

ስክሪኑ መደብዘዝ ከጀመረ ባትሪውን ቀይሩ፤ ባትሪው ሲደክም ቁጥሩም አብሮ ይወላከፋል። መሬት ላይ ከወደቀ፣ ወይም ለበዓል ትልቅ ጋን ከመጣላችሁ በፊት፣ የበረዶውን ፈተና ድገሙ። ክረምቱን ሙሉ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡት፣ በሐይቁ እርጥበት የባትሪ ቤቱ ቶሎ ይዝጋል።